የቬን አዲስ መጠሪያ

በፉ ኩዎክ ደሴት ቁንዶ በርበሬ እያለማች የምትኖረው ዲዩ፣ ቬን የሚባል ዝንጉርጉር ውሻ ነበራት። ሮጦ የሚቀድመው የለም፤ ሲጠሩት ግን አይመጣም። እንዲያውም «ቬን!» ሲሉት ጅራቱን ሸጉጦ ወደ ጫካ ይፈተለካል። የጎረቤቷን የኪየምን ሦስተኛ ዶሮ በበላ ማግስት ሽማግሌው ከአጥራቸው ማዶ ቆሙና፣

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ውሻሽ ወይ ይታሰር ወይ አገር ይልቀቅ!» አሉ።

ይህን የሰማው ልጇ ቶአይ በኤሌክትሪክ የሚነዝር የአንገት ማሰሪያ ገዝቶ ከከተማ መጣ።

«እማዬ፣ እንቢ ሲልሽ ቁልፉን መጫን ነው። በሁለት ቀን ሰው ይሆናል።»

«እስቲ መጀመሪያ ክንድህ ላይ እሰረው።»

ቶአይ እየሳቀ አሰረው። ዲዩ ተጫነች። የሠላሳ ዓመቱ ጎረምሳ «ኧረ በእናትሽ!» ብሎ ከወንበሩ ተስፈነጠረ።

«አሁን ና ብልህ ትመጣለህ?»

«አብደሻል? እሸሻለሁ እንጂ!»

«እሱም እኮ እየሸሸ ያለው ለዚህ ነው። ስሙን የምጠራው ላስረው ወይ በመጥረጊያ ልለው ነው። እኔስ ብሆን እመጣለሁ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሙ መጥራቱን ተወችና በቁጣ ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ቃል መረጠችለት፦ «ሁዋ!»፣ ሰላም እንደ ማለት ነው። ረጅም የጀልባ ገመድ ደረቱ ላይ አስራ፣ በየማለዳው በበርበሬው ሐረግ መሃል ትጠራዋለች። ሲመጣ የደረቀ ዓሣ ታጎርሰዋለች፤ ወዲያው ደግሞ እንደልቡ እንዲዞር ትለቀዋለች። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ቀጥሎ መንገዱ ዳር፣ በኋላም ዶሮዎቹ እየተንጫጩ። እንቢ ካላት አትጮህም፤ «ዛሬ አጣደፍኩት» ብላ ርቀቱን ታሳጥራለች።

«ተማሪው ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» ይላሉ ኪየም።

«ሁለተኛ ገባ ጋሼ፤ እርስዎ ካቋረጡበት ሊያልፍ ነው!»

በሦስተኛው ወር ገመዱን ፈታችው። በሳምንቱ አንዲት ዶሮ አጥር ዘላ ወደ መንገዱ በረረች፤ ቬን እንደ ቀስት ተከተላት። ከዳገቱ ሲሚንቶ የጫነ መኪና እየተንደረደረ ይወርዳል። ኪየም ራሳቸውን ያዙ።

ዲዩ አልሮጠችም፤ ብትሮጥ አብራው የምታሳድድ ይመስለዋል። ቁጢጥ ብላ እጆቿን ዘረጋች። በዚያው በማለዳው ረጋ ያለ ድምፅዋ፣ «ሁዋ!» አለች።

ቬን ጠጠሩን እየበተነ ዞረ። መኪናው ሲያልፍ እሱ ጭኗ ላይ ነበር። ኪሷ ውስጥ የነበረውን ዓሣ በሙሉ አራገፈችለት።

በማግስቱ ኪየም በአራት እግሯ ተተክላ አልራመድ ያለችውን ጥቁር ውሻቸውን እየጎተቱ መጡ።

«ዲዩ እህቴ፣ ይቺም ስትጠራ ትሸሻለች።»

«ምን ብለው ነው የሚጠሯት?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መጠሪያዋ ስድብ ነበርና በዲዩ ፊት ሊናገሩት አፈሩ።

«በሉ ይቀመጡ» አለች ዲዩ፣ ገመዱን ከእጃቸው እየተቀበለች። «መጀመሪያ ደግ ቃል እንፈልግላት።»