ለነሐሴ እንግዶች የሚሆን ማሞቂያ

«ባልዲ! ፖሊክሴኒ፣ ባልዲ አምጪ!»

አርጊሪስ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ቆሞ፣ ከቦይለሩ ሆድ የሚንጠባጠበውን የዛገ ውሃ በሁለት እጁ ለመቀበል ይታገላል።

«ስንት ዘመን አገልግሎናል፤ ይረፍ እንግዲህ» አለች ሚስቱ ባልዲውን እያቀበለችው።

አርጊሪስ ግን ያዘነ አይመስልም። እንዲያውም ፊቱ በራ። በግሪኳ የቮሎስ ወደብ ክሬን ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ተጣድፎ ስልክ አንስቶ አያውቅም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሶቲሪስ ከታችኛው ፎቅ እስኪወጣ ድረስ ሐሳቡን ቆርጦ ጨርሶ ነበር። በርሜል ያለው ቦይለር በቃ። ውሃው በቧንቧ ሲያልፍ እዚያው የሚያሞቀው፣ የማያልቀው ዓይነት ይገጠማል።

ለምን እንደቸኮለ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። ልጁ ዴስፒና በየነሐሴው ጀርመናዊ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ይዛ ከዱሰልዶርፍ ትመጣለች። ከባሕር ሲመለሱ ጨውና አሸዋቸውን ይዘው ለመታጠብ ይሰለፋሉ። አርጊሪስም በሩ ላይ ቆሞ «ዝጉት! አለቀ! ለሌላውም አስቡለት!» እያለ ያንኳኳል። አምና የልጁ ባል ዬንስ አልወጣ ቢለው፣ ሄዶ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ጠመዘዘው። ዬንስ ራሱ ላይ ነጭ አረፋ ተሸክሞ፣ ፎጣ አገልድሞ ወጣ።

ዘንድሮ ዴስፒና ደውላ፣ «አባዬ፣ ውሃው ለሁላችን አይበቃም፤ እናንተን ከምናጨናንቅ ሆቴል ብንይዝ ይሻላል» አለች። አርጊሪስ ደግሞ ቃል በቃል አመናት። ሰው የሚመቸውን ሲነግሩት ማመን አይከብደውም።

ሶቲሪስ የመብራት ሳጥኑን ከፍቶ አጎንብሶ አየ።

«ጋሼ አርጊሪስ፣ ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«ስድስት።»

ሶቲሪስ ዞር ዞር ብሎ ተመለከተ።

«እኔንና እሱን ቁጠር» አለች ፖሊክሴኒ። «አራቱ ነሐሴ ሲገባ ነው የሚበቅሉት።»

«ለነሐሴማ ጥሩ ነው» አለ ሶቲሪስ። «ያን ጊዜ ውሃው ራሱ ሞቅ ብሎ ነው የሚገባው፤ ተራ በተራ ብትታጠቡ አያልቅባችሁም። ጥር ላይ ግን ከተራራው የሚወርደው በረዶ ነው። ይህ ሽቦ የሚችለው ትንሿን ማሞቂያ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ በብርድ ጊዜ በደንብ የምታሞቀው ቧንቧውን እንደ ክር አቅጥነው ሲከፍቱት ነው።»

«ትልቁስ?»

«ለትልቁ ከቆጣሪው ጀምሮ ወፍራም ሽቦ መሳብ ነው። ግድግዳ ይሰበራል፣ መብራት ድርጅቱም ኃይል ይጨምርልን ተብሎ ይጠየቃል።»

«ይሰበር!»

«አንተ ሰውዬ፣ ለሁለት ሳምንት እንግዳ ብለህ ቤቴን ልታፈርስ ነው?»

«ታዲያ የልጅ ልጆቼ ሆቴል ይደሩ?»

ፖሊክሴኒ ባልዲውን አስቀመጠች። ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«አርጊሪስ፣ ልጅቷ ውሃው አነሰን ያለችህ እንዳታፍር ብላ ነው። ለባሏ የማያልቅ ውሃ ብታስገጥምለትስ፣ መዝጊያው ያው አንተ እጅ አይደለም?»

ሶቲሪስ ሽቦዎቹን እንደ አዲስ መመርመር ያዘ።

«እሱም እኮ አበዛው» አለ አርጊሪስ። «መርከብ የሚያጥብ ነው የመሰለኝ።»

«ራሱን ነው ያጠበው። እሱንም አልጨረሰ።»

አርጊሪስ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሺህ ዩሮ ማውጣት፣ ግድግዳ ማፍረስ አልከበደውም ነበር። የከበደው «አጥፍቻለሁ» የምትለው ቃል ናት። እሷን ማሽኑ እንዲናገርለት ነበር የፈለገው።

ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያው እንደ ድሮው ባለ በርሜሉን ስቀልልን» አለው ሶቲሪስን። ከዚያ ስልኩን አነሳ። «ዴስፒና? ዬንስን አቅርቢልኝ።»

«ምን ልትለው አባዬ? ግሪክኛ መች ይሰማል?»

«አንቺ ትተረጉሚለታለሽ። በይው… አምና ውሃውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«እሱንማ ያውቃል።»

«ማወቁን አውቃለሁ! ከኔ አፍ ይስማው ብዬ ነው። ደግ አልሠራሁም በይው። ሆቴሉን ተዉት። ዘንድሮ መጀመሪያ የሚታጠበው እሱ ነው፤ እስኪጠግብ ይታጠብ። እኔ ባሕሩ ዳር ካለው ሻወር ታጥቤ እመጣለሁ።»

ፖሊክሴኒ ክንዱን ነካችው። «እሱ እኮ ቀዝቃዛ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ» አላት። ወደ ስልኩም ተመለሰ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ንገሪው እንጂ!»