በይታየው ስም

ሰርካለም ነጻውን መሸጫ የመረጠችው ሳታስብበት አይደለም። እንደዚያ ብሎ የሚያማት ሰው ካለ፣ መሐል ሜዳ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለችው የሰለሞን ኮምፒውተር ቤት ስንቴ እንደተመላለሰችና የሰውየውን ትዕግሥት እንዴት አድርጋ እንደጨረሰችው ቢጠይቅ ይሻለዋል።

የምትሸጠው ባና ነው። ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመን፣ ከብዶ የሚያሞቅ፣ የመንዝን ብርድ የሚመክት የሌሊት ልብስ። ጠጉሩን እናቷ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ይፈትላሉ፣ ሁለት ሸማኔዎች ይሸምናሉ፣ ሰርካለም ትሸጣለች። የቸገራት ለማን እንደምትሸጥ ነበር። መሐል ሜዳና ሞላሌ ገበያ የሚወጣው ሰው ባና ከአያቱ ወርሷል። ገዢው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ሰርካለምን አያውቃትም። ጊዜው ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ቀበሌው ወጣቱን በጥቃቅንና አነስተኛ እያደራጀ «ሥራችሁን በኢንተርኔት አስተዋውቁ» ይላል፤ እንዴት የሚለውን ግን ለሰለሞን ትቶለታል።

ሰለሞን የሚያውቀውን አልደበቃትም። የራሷን ስም ገዝታ የራሷን ድረ ገጽ ብታቆም እንደሚሻል ነገራት። ይኼኛው በየዓመቱ ይከፈልበታል፤ የሚከፈለውም በውጭ አገር የባንክ ካርድ ስለሆነ ካርድ ያለው ሰው ፈልጎ መለመን አለ። በነጻ የሚሰጥ ድረ ገጽም አሳያት። እዚያኛው ላይ ከባናው ጎን የማታውቀው ሰው ማስታወቂያ ብቅ ይላል፤ ፎቶዎቹም በመሐል ሜዳ ኔትዎርክ ግማሽ ድረስ ተከፍተው ቀጥ ይላሉ።

«ግማሽ ባና ማን ይገዛኛል?» አለችው።

መላውን ያመጣው ወንድሟ ይታየው ነው። ይታየው አዲስ አበባ ፎቅ በሚሠራበት ሁሉ እየዞረ ብረት የሚቆርጥና የሚያስር ፌራዮ ነበር፤ ተጫዋች፣ ወዳጁ የበዛ፣ ሁለት ቀን ካልደወለ እናቱ እህል የማይወርድላቸው ልጅ። «ምን ብለሽ ትከፍያለሽ?» አላት በስልክ። «የእኔ ፌስቡክ አለልሽ አይደል? የማያውቀኝ ሰው የለም። ማለፊያ ቃሉን ልስጥሽና አንቺም በስልክሽ ክፈቺው። አንቺ ፎቶውን ለጥፊ፣ እኔ እዚህ ሰዉን እጠራለሁ።»

ሰለሞን ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።

«ሱቅሽን በሰው ስም ልትከፍቺ? ስሙም ፎቶውም የእሱ ነው። አንቺ የምትጽፊው ሁሉ እሱ የጻፈው ይመስላል እኮ። ነገ አንድ ነገር ቢሆንስ?»

«ምን ይሆናል? ወንድሜ እኮ ነው።»

«የራስሽ ቢሆን ካንቺ በቀር ማንም አይጽፍበትም።»

«ማንም የማይጽፍበትን ምን ላድርገው?» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ገበያ ማለት ለእሷ ሰው የሚያወራበት ነው። ዝም ያለ ሱቅ አልፈለገችም።

እውነትም ገጹ ዝም አላለም። ይታየው ባና ለብሶ፣ እንደ ሹም ተኮፍሶ የተነሳውን ፎቶ ሲለጥፍ ወዳጆቹ ተሳሳቁበት፤ ከሳቁ መሃል ገዢ ወጣ። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለአልጋው ሁሉ አዘዘ። ሸማኔዎቹ እጃቸው ሥራ አልፈታም። ከሁሉ ይልቅ ገጹን የወደዱት ግን ወይዘሮ ጥሩሸዋ ነበሩ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ጣታቸው እንጂ ዓይናቸው አይፈትልም። ከሰዓት በኋላ እንዝርታቸውን ይዘው ከበሩ አጠገብ ይቀመጡና፣ የሰርካለም ስልክ ጢው ባለ ቁጥር «እስቲ አንብቢልኝ» ይላሉ።

ታነብላቸዋለች። አንዱ «እንዲህ ያለ ባና ከልጅነቴ ወዲህ አላየሁም» ይላል። ሌላው ዋጋ ይጠይቃል። «ይኼ ሰው ትናንትም ዋጋ፣ ዛሬም ዋጋ! ብርድ ያልነካው ነው» ይላሉ እናትየው። ደግ የተናገረውን ግን ሳይመልሱለት አያድሩም፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ በይው» ብለው ያስጽፋሉ፣ መልሱ መሄዱን የሚያበስረውን ድምፅ እስኪሰሙም እንዝርታቸውን አያሾሩም። የማያውቁት ሰው ሁሉ እቤታቸው ገብቶ የሚያጫውታቸው ይመስላቸው ነበር። ሰርካለምም የወንድሟን ነጻ ገጽ በመምረጧ ኮራች።

ያን የኅዳር ቀን ሸማኔዎቹ ዘንድ ቆማ ጥልፍልፉ የላላ ባና እያስፈታች ሳለ ስልኳ ጢው አለ። ከይታየው ፎቶ ሥር ሦስት የፈረንጅ ፊደል ተጽፏል። አዲስ ዓይነት ሙገሳ መሰላት። ደግሞ ጢው አለ፤ ያው ሦስት ፊደል። ከዚያ አከታትሎ ጮኸ፤ ያዘዘው የእንግዳ ማረፊያ እንደገና መጣ ብላ ደስ እያላት ከፈተችው።

«ወንድማችን ይታየው፣ ነፍስህን በአጸደ ገነት ያኑራት።»

ለሌላ ይታየው ነው አለች። ሥሩ «ጠዋት አብረን ቁርስ በልተን!» የሚል አለ። ከሥሩ ደግሞ «ምነው ያን መወጣጫ እንጨት ባልወጣህበት» የሚል። ደወለች፤ የይታየው ስልክ ዝግ ነው። አብሮት ለሚኖረው ለአወቀ ደወለች። አወቀ አነሳው፣ ስሟን ጠራ፣ ከዚያ በኋላ የሰማችው ልቅሶውን ነው።

ካልተሸመነው ጠጉር ላይ ተቀመጠች። አወቀ እንደምንም ተናገረ፦ «ሬሳውን ይዘን ነገ ጠዋት እንነሳለን። ለአባ ወልደ ጻድቅ ደውለናል፤ ሽማግሌ አሰባስበው ጎሕ ሲቀድ ይመጣሉ። እስከዚያ እማማ እንዳይሰሙ። አደራ ሰርኬ፣ አደራ።»

አደራው ለምን እንደሆነ እሷም አወቀም ያውቃሉ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ባላቸው በድንበሩ ጦርነት መሞቱን የሰሙት ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቁ ነው። አንዲት ሴት ሰምተዋል ብላ «እግዜር ያጥናዎት» አለቻቸው። እህሉ ላይ ወደቁ። የሚደግፋቸው ዘመድ፣ የሚያጽናናቸው ካህን አጠገባቸው አልነበረም፤ የማያውቁት ሰው ዱቄት በነካው እጁ አነሳቸው። ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸውን አስምለዋቸዋል፦ «ምንም ቢመጣ መርዶዬን በሥርዓት አሰሙኝ። በወገኔ መሃል፣ በአባ አፍ። እንደ ውሻ መንገድ ላይ እንዳይወረወርብኝ።» ሰርካለም ያን ማታ የቀራት ይህ አንድ ነገር ነበር። ወንድሟን ማዳን አትችልም፤ መርዶውን ግን እስከ ንጋት መያዝ ትችላለች።

ፊቷን ታጥባ ወደ ቤት ገባች። ጀንበሯ አዘቅዝቃለች። እናቷ እንዝርታቸውን እያሾሩ ነው።

«ዛሬ ስልክሽ ሲጮህ ዋለ። ከሸማኔዎቹ ቤት እስከዚህ ይሰማል። እስቲ አንብቢልኝ።»

«ዋጋ ነው እማዬ። ሁሉም ዋጋ ነው።»

«ይኼ ሁሉ? አንድ ደህና ነገር የተናገረ ጠፋ?»

ሰርካለም ስልኩን ከፈተች። ስለ ባናው አንድ ሙገሳ ፈጥራ ልትናገር አሰበች፤ ሞቃት ነው፣ ያምራል፣ ምን ያስቸግራል? አልመጣላትም። ሆዷ ውስጥ ያለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ከአፏ የወጣውም እሱው ነው።

«አንዱ፣ ‹ጠፋህብን፤ ደህና ነህ ወይ?› ብሏል።»

«ደህና ነህ? ለይታየው ነው እንዴ?»

«አዎ። ጓደኛው ነው።»

«አዬ ልጄን! ሥራ ላይ ሆኖ አላየው ይሆናል። ሰው ሐሳብ አይግባው፤ አንቺ መልሽለት።» ፊታቸው በራ። «‹ደህና ነኝ፤ ምንም አልሆንኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ለጥምቀት እንገናኛለን› በይው። እሱም ቢሆን እንዲህ ነው የሚለው።»

ሰርካለም ጻፈች። አጠፋዋለሁ ብላ ነው። ግን እናቷ እንዝርቱን አቁመው፣ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አዘንብለው፣ ድምፁን እየጠበቁ ነው። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ያስጻፋት ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ከይታየው ስም ሥር «ደህና ነኝ» የሚለውን ስታይ ልቧ ያን ቃል ወደደው። ተጫነችው። ጢው አለ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ እንዝርታቸውን አሾሩ።

ወዲያው ልታጠፋው ሞከረች። ኔትዎርክ የለም። ወደ ደጅ ወጣች፣ ከግንቡ ላይ ቆመች፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋች። የለም። ለአወቀ ደወለች፣ ለአባ ደወለች፤ ጥሪው አይወጣም። መሐል ሜዳ ኔትዎርክ ሲጠፋ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ አንዳንዴ እስከ ማግሥቱ ይቆያል። አባ ቤት ልትሮጥ አሰበች። እናቷን ግን ለማን ትታ? እሷ በሌለችበት አንድ ጎረቤት «አይዞዎት» እያለ ቢገባስ? ይህን ሰዓት ጽሑፉን ማን ያየዋል ብላ ራሷን አታለለችና ተመለሰች።

ያየችው ጠጄ ናት። ጠጄ መናኸሪያው በር ላይ ሻይ ቤት አላት፤ ከሰው ቀድማ የምታውቅ፣ ካወቀችም የማታሳድር ሴት። ለይታየው ስታለቅስ አምሽታ ስልኳን ብትከፍት፣ ይታየው ራሱ «ደህና ነኝ፤ ምንም አልሆንኩም» ብሎ ጽፏል። ኔትዎርኩ ከመጥፋቱ በፊት የገባው የመጨረሻ ቃል እሱ ነው። አዲስ አበባ ደውሎ ማጣራት አይቻልም። እያጨበጨበች አባ ወልደ ጻድቅ ቤት በረረች።

አባ ለመሐል ሜዳ ግማሽ ሰው መርዶ የነገሩ ካህን ናቸው። ይህን ሥራ ሲጠሉት ነው የኖሩት። ሲነጋ ለአንዲት ዓይኗን ሞራ ለጋረዳት እናት አንድያ ወንድ ልጅሽ ሞተ ሊሉ፣ ቃሉን በልባቸው ሲያገላብጡ ነበር ያመሹት። ጠጄ ስልኳን ስታሳያቸው አላመኑም፤ አስነበቡ፣ ደግመው አስነበቡ። ከዚያ መስቀላቸውን ሳሙና አለቀሱ። የሰው ልብ የሚፈልገውን ሲያገኝ ብዙ አይመረምርም፤ የአባም ልብ የሰው ልብ ነው።

ጎሕ ሲቀድ ሰርካለም ልብሷን እንደለበሰች በሩ ሥር ቆማ የእግር ኮቴ ትጠብቅ ነበር። መርዶ ሲመጣ ኮቴው ዝግ ያለ ነው፤ ሰዎቹ አይነጋገሩም። የሰማችው ግን እልልታ ነው። መጀመሪያ ከታች፣ ከመንገዱ፤ ከዚያ ከአጥሩ፤ ከዚያ ከደጃፉ። በሩን ሳትከፍተው ተከፈተ። አባ ፊት ናቸው፣ ጠጄ ከኋላቸው እልል ትላለች፣ ሽማግሌዎቹ ይስቃሉ፤ እናትየው ገና ምንም እንዳልሰሙ በደስታው ተረስቷል።

«ወይዘሮ ጥሩሸዋ!» አሉ አባ። «ተነሽ እልል በዪ! እግዚአብሔር ተአምር ሠራ! ይታየው አልሞተም!»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ አልጋቸው ላይ ቀና አሉ። ጋቢያቸውን ሳቡ። የሚያዩት ጥላ ብቻ ነው፤ ያንን ጥላ ሁሉ አንድ በአንድ እንደሚቆጥር ሰው ተመለከቱት።

«ልጄ መቼ ሞተ?» አሉ።

እልልታው ቀጥ አለ። ሁሉም ሰርካለምን አየ። ሰርካለም እያንዳንዱን ፊት አየች፤ ደስታው ገና ከፊታቸው አልወረደም፤ ያን ደስታ የሰጠቻቸው እሷ ናት፤ የምትነጥቃቸውም እሷ ናት።

«አባ» አለች፣ «የጻፍኩት እኔ ነኝ። በእሱ ስም የምጽፈው እኔ ነኝ።»

ጠጄ ጭንቅላቷን ያዘች። አባ ወልደ ጻድቅ በቁመታቸው አነሱ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። በወገን መሃል ነበር፣ በአባ አፍ ነበር፣ ጎሕ ሲቀድ ነበር። ሁሉም እንደታዘዘው ሆነና ሁሉም ተበላሸ።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ አልጮኹም። እጃቸውን ዘርግተው አልጋውን መታ መታ አደረጉ።

«ነይ ሰርኬ። ቁጭ በይ። ትናንት ስልክሽ ሲጮህ የዋለው ለዚህ ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«ዋጋ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«እስቲ አንብቢልኝ» አሉ። «አሁን ያለውን አንብቢልኝ።»

ሰርካለም ስልኳን አወጣች። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ከላይ ጀመረች። ሦስቱን ፊደል ምን ማለት እንደሆነ እንደማታውቅ ተናገረች። ነፍሱን በአጸደ ገነት ያኑራት የሚለውን አነበበች። ቁርስ አብሮት የበላውን አነበበች፤ «ምን በሉ?» ብለው እናቱ ጠየቁ፤ አልተጻፈም አለቻቸው። መወጣጫ እንጨቱን አነበበች። የማያውቁትን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አነበበችላቸው፤ እሳቸውም እንዝርት እንደያዘ ሰው ጣታቸውን እያፋተጉ አዳመጡ። አንድ ሲቀራት ቆመች።

«አለቀ?»

«አለቀ እማዬ።»

«አላለቀም። የመጨረሻው አለ። እኔ ያስጻፍኩሽ።»

«እማዬ፣ እሱን ተይው በሞቴ።»

«አንብቢው።»

«‹ደህና ነኝ፤ ምንም አልሆንኩም› ይላል» አለች ሰርካለም። «‹ሥራ በዝቶብኝ ነው። ለጥምቀት እንገናኛለን።›»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ማልቀስ የጀመሩት እዚህ ላይ ነው።