ወይን ጠጁ ሽቦ

ብሬከሩ ለአራተኛ ጊዜ ጠቅ ብሎ ወረደ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው አዲሱ ኤሲ አፉን ገጠመ፤ ክፍሉ ውስጥ የአባቷ ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ጀመር። እታለም እጇን ወደ ብሬከሩ ሰደደች።

"እንዳትነኪው" አለች ቴክኒሻኗ መሰላሉ ላይ እንደቆመች። "አራት ጊዜ እምቢ ያለ ነገር ምክንያት አለው።"

"ወንድምጋሼ እኮ በትልቅ ብሬከር ለውጡት ብሏል። አሁን በስልክ።"

"ውሻው ሌሊቱን ሙሉ ጮኸ ብለሽ ውሻውን ትገድያለሽ? ወይስ ወጥተሽ ሌባውን ታያለሽ?"

እታለም እውነተኛ ስሟ አይደለም። ታላቅ ወንድሟ፣ ወንድምጋሼ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ "እታለም" እያለ ሲጠራት ሰፈሩም ተቀብሎት ስሟ ሆኖ ቀረ። አርባ ዓመት ሊሞላት ነው። ዘጠኙን ዓመት ሰው አገር፣ ሰው ቤት፣ የሰው ሽማግሌ ስታነሣና ስታስተኛ ኖራ ከተመለሰች ገና አምስት ወሯ ነው። ያ ሁሉ ጉልበት የፈሰሰው እዚህ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ላይ ነው። አሁን ደግሞ የራሷ አባት ታመሙባት፤ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ዋሉ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ከጻፈ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀምጦ "ሙቀት እንዳያገኛቸው፤ ልባቸው አይችለውም" ብሏታል። ባለፈው ሳምንት ቀትር ላይ ራሳቸውን ስተው ነበር። ዓይናቸውን እስኪገልጡ ድረስ እታለም ስንት ጊዜ እንደሞተች የምታውቀው እሷ ናት።

ኤሲውን የመረጠላት ወንድምጋሼ ነው። የሰፈሩ የታወቀ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የዚህንም ቤት መስመር የዘረጋው እሱ ነው፣ ያውም በነጻ። "ከእህቴ የእጅ ዋጋ ልቀበል?" ብሎ ነበር ያኔ፣ ደረቱን እየደቃ። ኤሲ ልትገዛ ስትነሣም "ትልቁን ውሰጂ፣ የማቀዝቀዝ ጉልበቱ ሃያ አራት ሺህ የሆነውን። ያንቺ መስመር ዝሆን ይጎትታል" አላት። ወሰደች። ዝሆኑ ግን ይኸው ሁለት ሳምንቱ፣ ንቅንቅ አልል ብሏል።

ቴክኒሻኗ ስትመጣ ይህ ሦስተኛዋ ነው። ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ ሱሪዋ ኪስ በኪስ የሆነ፣ ስትሠራ ከዕቃው ጋር የምታወራ ሴት ናት። ማሽኑን ፈትታ አይታዋለች፤ ጋዙ ሙሉ ነው፣ ኮምፕረሰሩ ጤነኛ ነው። ዛሬ ማሽኑን ትታ ግድግዳውን ትዳብስ ጀመር። ከበሩ በላይ ያለችውን የማገናኛ ሳጥን ስትነካ እጇን ሰበሰበች።

"ነይ ንኪው።"

እታለም ወንበር ላይ ወጥታ መዳፏን አሳረፈች። ግድግዳው እንደ ትኩሳታም ግንባር ይፋጃል።

ቴክኒሻኗ ዋናውን ማጥፊያ አወረደችና በካቻቢቴ ክዳኑን ፈታች። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ። ሽቦው የተቀጠለበት ላይ የተጠቀለለው ናስትሮ ቀልጦ ጠቁሯል። በፒንሳ ቆንጥጣ ሽቦውን ሳብ አደረገችው። ቀጭን ነው፣ ቀይ።

"ይኸውልሽ። ማሽንሽ ምንም የለበትም። ይህ የአምፖል ሽቦ ነው፣ ባለ አንድ ተኩል ሚሊ። ከቆጣሪው እስከዚህ ድረስ በዚህ ነው የመጣው፣ መሃል ላይም ተቀጥሏል። ማሽኑ ሊነሣ ሲል ኃይል ያጥረዋል፣ ሲያጥረው ይታገላል፣ ሲታገል ብዙ ይስባል፣ ብሬከሩ ይወርዳል። በትልቅ ብሬከር ለውጠነው ቢሆን ኖሮ..." አባትየው ወደተኙበት አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እሳቱ የሚነሣው ከበሩ በላይ ነው። እሳቸውን በየት ታወጫቸው ነበር?"

እታለም የሰማችው ግማሹን ነው። ዓይኗ ሽቦው ላይ ቀርቷል።

"ቀይ ነው" አለች።

"አዎ፣ ቀይ።"

"የኔ ቀይ አልነበረም።"

ከስድስት ዓመት በፊት ለአንድ ወር ዕረፍት መጥታ ነበር። ሽቦውን ያኔ ነው ራሷ የገዛችው። ቀጭን ሽቦ ቤት እንደሚያቃጥል ከአሠሪዎቿ ሰምታ ስለነበር ወፍራሙን፣ ባለ ስድስቱን አለች። ሻጩ "ቀዩ አልቋል እቴ፣ ወይን ጠጅ ብቻ ነው ያለኝ" ሲላት ሣቀች። "ቀሚስ ላሰፋበት ነው እንዴ? አምጣው።" ሁለቱን ጥቅል ታክሲ ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ መጣች፤ ስትወርድ እግሯ ደንዝዞ ነበር። ለወንድምጋሼ አስረክባ በሳምንቱ ተመልሳ ሄደች።

ያንን ሽቦ ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ አይታዋለች። የት እንዳየችው ሲመጣላት ከወንበሩ ወርዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ባለፈው እሑድ ነው። ወንድምጋሼ ምሳ ጠርቷት፣ አባቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ሄዳ ነበር። መኝታ ቤቱን ሊያሳያት አስገባት፤ ኤሲው ቀስ ብሎ ይነፍሳል። "እፎይ፣ እንዴት ደስ ይላል፤ ቤትህ ይባረክ" አለችው። ከኤሲው ጀርባ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ወይን ጠጅ ሽቦ ነበር። አይታው አለፈች። የራሷን ላብ መርቃ ወጣች። አባባን እዚህ አምጪያቸው ግን አላላትም፣ እሷም አልጠበቀችም።

ስልኳን አነሣች። "ወንድምጋሼ፣ ና" አለች። ስልኩን ዘጋች።

ቤቱ ሁለት ቅያስ አልፎ ስለሆነ በአሥር ደቂቃ ደረሰ። ወፈር ያለ፣ ቀልደኛ፣ ገና በር ላይ ሆኖ ሣቁ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። "እህ፣ ባለሙያዋ፣ ገደልሽው ወይስ ነፍስ አለው?" አለ። የተከፈተውን ሳጥን ሲያይ ሣቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ቴክኒሻኗ የቤተሰብ ነገር መሆኑ ገብቷት መሰላሉን ተደግፋ ቆመች።

"ወይን ጠጁ የት ሄደ?" አለች እታለም።

"የቱ ወይን ጠጅ?"

"ጭኔ ላይ ይዤው የመጣሁት።"

"እሱማ... አልበቃ አለ። አጠረና እኔ ከራሴ ጨምሬ..."

"ያንተ መኝታ ቤት ግን በቃው።"

ወንድምጋሼ ላቡን በመዳፉ ጠረገ። "እታለም፣ ስሚኝ። ያኔ ቤቱ ባዶ ነበር። ለሁለት አምፖል ያ ሁሉ ሽቦ ምን ያደርጋል? የኔ ቤት ደግሞ ልጆች አሉ። ኋላ እተካዋለሁ ብዬ ነው፣ የእናታችን ዐፅም ምስክሬ ነው።"

"ስድስት ዓመት ሙሉ?"

"ትመለሻለሽ ብዬ መች አሰብኩ? የሄደ ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው። ቤቱን እናከራየዋለን ብዬ..."

እታለምን የሰበራት ይኼ ነው። ሽቦው ይሁን፣ ሽቦ ይገዛል። ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ትራስ ላይ "ወንድምጋሼ ቤቴን ይጠብቅልኛል" እያለች ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት። እሱ ግን ለማትመለስ ሰው ነበር የሚሠራው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሱ ግን እያደር ከብዶ ሃያ አራት ሺህ ደረሰ። ያቺን ውሸት ላለመግለጥ ብሎ አባቱን እሳት ሥር አስተኛ።

"ትንሹን ግዢ ብትለኝ ምን ነበረበት?" አለች።

"ለምን ብለሽ ትጠይቂኝ ነበራ" አለ መሬት መሬት እያየ።

ከአልጋው ላይ ሳል ተሰማ። አባትየው ደህናውን እጃቸውን ከአንሶላው ሥር አወጡ።

"ሽቦው ሲወጣ... አይቻለሁ" አሉ፣ በተጣመመ አፋቸው ቃሉን እየፈለጉ። "ያኔ ደህና ነበርኩ። ሥራውን ላይ ብዬ መጥቼ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጬ። ተው ብዬዋለሁ።"

"ለኔስ አባባ? ለኔ ለምን አልነገሩኝም?"

"እንዳትጣሉ ብዬ። ያላችሁኝ ሁለት ናችሁ።"

እታለም አባቷን አየቻቸው። በዚያ ሙቀት ሁለት ሳምንት ሙሉ ብሬከሩ ሲወርድ እየሰሙ፣ ምክንያቱን ልባቸው እያወቀ፣ ዝም ብለው ተኝተዋል። ልትቆጣቸው ፈለገች፣ አንጀቷ እምቢ አላት። ፎጣ በውሃ ነክራ ግንባራቸውን ጠረገችላቸው። እያለቀሰች መሆኗን ያወቀችው እንባዋ እጇ ላይ ሲወርድ ነው።

ቴክኒሻኗ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ልናገር? ይህ ክፍል ዝሆን አያስፈልገውም፣ ጠባብ ነው። ባለ ዘጠኝ ሺህ፣ ኢንቨርተር የሚሉት፣ ቀስ ብሎ የሚነሣው ይበቃዋል። ትልቁን የሚለውጥልሽ ሱቅ አውቃለሁ። ቅጥሉን ቆርጬ በደንብ ካሰርኩት፣ ብሬከሩንም ወደ አሥር አምፔር ካወረድኩት፣ ቀጭኑ ሽቦ ትንሹን ይችላል። ወፍራሙ ኋላ ይዘረጋል። ግን ኤሲው ዛሬ አይደርስም። ምናልባት ከነገ ወዲያ።"

"እስከዚያ አባባስ?"

"እስከዚያማ ማራገቢያ አመጣለሁ" አለ ወንድምጋሼ መውጫ ያገኘ መስሎት። "እቤት ሁለት አለኝ።"

"ማራገቢያህን ለራስህ ያዘው።" እታለም ተነሥታ የአባቷን መድኃኒቶች ከመስኮቱ ላይ ወደ ፌስታል ሰበሰበች። ትራሳቸውንም አነሣች። "መኪናህን በር ድረስ አስጠጋ። አባባ የሚተኙት ያንተ መኝታ ቤት ነው።"

"የኛ መኝታ ቤት? ባለቤቴን ምን ልበላት?"

"ወይን ጠጁን ሽቦ አሳያት።"

ወንድምጋሼ ቴክኒሻኗን አየ፣ አባቱን አየ፣ የሚያግዘው ሰው አጣ። ትራሱን ተቀበላት።

"ፈረድሽብኝ?" አሉ አባትየው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው ግራና ቀኝ ደግፈው ሲያነሷቸው።

"አልፈረድኩብዎትም አባባ። እዚያ ይቀዘቅዛል። እኔም ጠዋት ማታ እመጣለሁ፤ ሽቦው የኔ ነው፣ ማን ይከለክለኛል?"

አባትየውን መኪናው ውስጥ ካስቀመጡ በኋላ ወንድምጋሼ ዘወር አለ። "እታለም፣ አዲሱን መስመር ግን እኔ ልዘርጋልሽ። በራሴ ሽቦ። ልካስሽ።"

"ስሜን ታውቀዋለህ" አለችው። "ከዛሬ ጀምሮ በስሜ ጥራኝ።"

መኪናው ሄደ። ስትመለስ ቴክኒሻኗ አዲስ ናስትሮ አውጥታ እየላጠች ነበር። "አብረሻቸው መሄድ ነበረብሽ እኮ" አለቻት። "አሁንም ሂጂ፣ አባትሽ ይፈልጉሻል። እኔ ቅጥሉን ጨርሼ ቁልፉን ለጎረቤት እሰጥልሻለሁ። ኖርሽ አልኖርሽ የምሠራው ያው ነው።"

እውነቷን ነው። እታለም ካወቀቻት ጀምሮ አንድ ውሸት አልሰማችባትም። ትናንት ቢሆን ቁልፉን ሰጥታ፣ አመስግና ትሄድ ነበር።

ወንበሩን አነሣችና ከተከፈተው ሳጥን ፊት ለፊት አስቀመጠችው። "አይክፋሽ እህቴ" አለች። ተቀመጠች።

"አይከፋኝም" አለች ቴክኒሻኗ መሰላሉን እየወጣች። "ይልቅ ባትሪውን ያዢልኝ፣ አብሪልኝ።"

ባትሪውን ተቀብላ አበራች። ብርሃኑን በቴክኒሻኗ ጣቶች ላይ አድርጋ ዓይኗን ሳትነቅል ትመለከት ጀመር።