ከሃያው አንዱ

ማኑ ከበሩ ተወርውሮ ሲወጣ የኮከቤ ጣት የካሜራው ቁልፍ ላይ ነበር። አላነሳችውም። ካሜራው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ተንጣጣ። የሙሽራዋ ወንድም የወጣው በእግሩ ሳይሆን በደረቱ ነው፤ ሚዜዎቹን ሰንጥቆ፣ ኮከቤን በትከሻው ገጭቶ፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ በጭንቅላቱ ወረደ። መጀመሪያ ግንባሩ አረፈ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ እንደገና ጭንቅላቱ። ታችኛው ማረፊያ ላይ ከሲሚንቶው ጠርዝ ጋር ሲላተም የተሰማው ድምፅ ከበሮውን ዝም አሰኘው።

ትንሽ ቀደም ብሎ ሁሉም ይስቅ ነበር። ወጉ ነው። የሴት ወገን በሩን ይዞ ሙሽራውን አናስገባም ይላል፣ የወንድ ወገን ይዘፍናል፣ ይለምናል፣ ይገፋል፤ ልመናው ሲበቃ በሩ ይከፈታል። ለኮከቤ ይህ የበር ግፊያ የሠርግ ቪዲዮ ቅመም ነው። አንዱን ካሜራ ወደ ላይኛው ፎቅ በሚወጣው ደረጃ ላይ በስታንድ አቁማ፣ ቁልቁል ወደ በሩ እያየ በስሎው ሞሽን እንዲቀርጽ ትታዋለች። ሌላውን በእጇ ይዛ ከሚዜዎቹ ኋላ ቆማ ነበር።

"እህታችንን በነፃ ልትወስዱ ነው እንዴ?" ብሎ ነበር ማኑ፣ ሁለት እጁን በበሩ መቃን ላይ ዘርግቶ። "ጨፍሩ እንጂ። ሙሽራው ራሱ ይጨፍር።"

"ዮፍታሔ ወገቡን ያመዋል" አለ ዋናው ሚዜ ደጉ።

"እና ሶሲን ለበሽተኛ ነው የምንድራት?"

"አስታማሚ ፍለጋ አይደል የመጣነው።"

ደረጃውን የሞላው ሰው ሳቀ። አንዱ በማኑ ፊት ላይ ሽቶ ነፋ። ከበሩ ውስጥ ግን አንድ ሻካራ ድምፅ "ማኑ፣ እንዳትለቅላቸው! ምን አደረጉና ነው?" አለ። የማኑ ታላቅ ወንድም ገብረየሱስ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠጣ ነበር። ማኑ እየሳቀ አንድ እጁን ከመቃኑ ላይ አነሳ፤ ሊያስገባቸው ነው። ያን ጊዜ ነው ተወርውሮ የወጣው።

"ጎትቶ ጣለው!" የመጀመሪያው ጩኸት የገብረየሱስ ነበር። "ደጉ ጎትቶ ጣለው! ወንድሜን ገደለው!"

ደጉ እጁን ተመለከተ። በመዳፉ ውስጥ የማኑ ኮት የኮሌታ ቁራጭ ነበር። ያንን ሰው ሁሉ አየ።

ገብረየሱስ በሩን አልፎ በቦክስ አፉን አለው። ደጉ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ሳይቆም ሁለተኛው ደረሰው፤ ሲወድቅ በጫማ ጎኑን ረገጡት። አጎት ረገጠው፣ የአክስት ልጅ ረገጠው፣ ማኑን በስሙ የማያውቅ ጎረቤት ሳይቀር ከታች ወጥቶ ረገጠው። ነጩ የሚዜ ሸሚዝ ቀላ። አንድ ጥርስ ደረጃው ላይ እየነጠረ ወረደ። ስታንዱ በሰው እግር ተጠልፎ ከነካሜራው ተከነበለ።

"እኔ አይደለሁም" ይል ነበር ደጉ፣ ፊቱን በክንዱ ጋርዶ። "በማርያም፣ እኔ አይደለሁም።"

"ተዉት፣ ትገድሉታላችሁ!" ኮከቤ ከሰው ጀርባ ጃኬት ይዛ ጎተተች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

ማኑን በሙሽሮቹ መኪና፣ አበባው እንደተለጠፈ፣ ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። ፖሊስ ሲደርስ ደጉ በደረጃው ጥግ ተኮራምቶ ነበር።

"እርስዎ ሲያነሱ ነበር?" አላት ፖሊሱ። "እስቲ ያሳዩኝ።"

ሠርግ ማንሳት ከጀመረች ወዲህ ሥራዋ ይኸው ነው። ካሜራው በአንድ ሴኮንድ ሃያውን ደራርቦ ያነሳል፤ እሷ ዐይኑ ያልተጨፈነ፣ አፉ ያልተከፈተ፣ ጥርት ያለ አንዱን ትመርጥና ሌላውን ትሰርዛለች። አሁንም ፎቶዎቹን በጣቷ ስታሳልፍ፣ ጣቷ በለመደው ቦታ በራሱ ቆመ። ማኑ አየር ላይ ነው። ፊቱ ሙሉ ይታያል። የደጉ ጡጫ ኮሌታው ላይ ተጨብጧል።

"ይኸው" አለች።

"ሌላስ?"

"እንደዚህ ጥርት ያለ የለም።"

ገብረየሱስ በፖሊሱ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ስልኩን ዘረጋ፤ ፎቶውን ከስክሪኑ ላይ አነሳው። ከዚያ በኋላ ፎቶው ፈጥኖ ሄደ። ሜክሲኮ ካፌ የተቀመጠው፣ ተክለ ሃይማኖት ሱቅ የሚሸጠው ሁሉ አየው። በማግስቱ የደጉ እናት የቅመም ሱቅ መስተዋት በድንጋይ ረገፈ። በርበሬው መንገድ ላይ ተበተነ፤ አላፊ አግዳሚው ሲያስነጥስ ዋለ።

ኮከቤ ከሠርጉ ወዲህ ካሜራዋን አልነካችም ነበር። ማኑ አልነቃም። በሦስተኛው ቀን ከልደታ ማርያም ከቅዳሴ ስትመለስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ ያለችውን ስቱዲዮዋን ከፍታ ፎቶዎቹን በላፕቶፑ ላይ ገለበጠች። ለመሰረዝ ነበር ያሰበችው፤ እንዲህ ያለ ነገር ምን ያደርግልኛል ብላ። ጥርት ካለው ፎቶ በፊት ያለውን ከፈተች። ከዚያ በፊት ያለውን፣ ከዚያም በፊት ያለውን። ብዥ ያሉ ነበሩ፤ አንዱ ግማሹ የሚዜ ጆሮ ነው። ግን በሁሉም ላይ አንድ ነገር ይታያል። የማኑ እግር ከደፉ ሲለቅ የደጉ እጅ ባዶ ነበር። ባዶና የተዘረጋ። ማኑ አየር ላይ ከወጣ በኋላ ነው ኮሌታው ላይ የደረሰው።

አንዱንም አልሰረዘችም። ከዚያ ለዮፍታሔ ደወለች።

"ጓደኛህ አልጎተተውም። ሊይዘው ነው እጁን የሰደደው። ነገ ጠዋት ጣቢያ እወስደዋለሁ።"

ዮፍታሔ ስልኩ ላይ አለቀሰ። ለሶሲ ነገራት። ሶሲም ደስ ብሏት ለወንድሟ ነገረችው።

ገብረየሱስ ሳይመሽ መጣ። ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋ።

"እትዬ ኮከቤ፣ ሌላ ፎቶ አለ አሉኝ።"

"አለ። ና ተቀመጥ፣ ላሳይህ። ደጉ እኮ..."

"ካሜራው የታል?"

"ምን ያደርግልሃል? ፎቶው እዚህ ላይ ነው።"

ጠረጴዛው ላይ አየው። በማንገቻው አንስቶ፣ እንደ ወንጭፍ አዙሮ፣ ከግድግዳው ጋር አላተመው። ሌንሱ ተነቅሎ ከወንበሩ ሥር ገባ። ከወለሉ ላይ ሜሞሪውን ለቅሞ በጥርሱ ሰበረው። ከዚያ ላፕቶፑን ዘግቶ በጉልበቱ ላይ እንደ እንጨት አጠፈው፤ አልሰበር ሲለው መሬት ጥሎ በተረከዙ ይወቅጠው ጀመር።

ኮከቤ እጅጌውን ያዘች። "ለምን? ወንድምህ እኮ ነው። ማን እንደጣለው ማወቅ አትፈልግም?"

በእጁ ጀርባ አፏን መታት። ከመብራቱ ስታንድ ጋር ተያይዛ ወደቀች፤ አምፖሉ ጆሮዋ ሥር ፈነዳ። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደም አገጯ ላይ ወረደ። ደግሞ ሊመታት እጁን አነሳና ተወው።

"አንድ ፎቶ አለ። ይበቃል" አለ። መዳፉን ብርጭቆ ቆርጦታል፤ ደሙን ሱሪው ላይ ጠረገ። በሩ ላይ ሲደርስ፣ ሳያያት፣ ቀስ ብሎ ጨመረበት። "እናቴ አትችለውም።"

ኮከቤ ከወለሉ ሳትነሳ ይህን ቃል አሰበችው። እናቱ ምኑን ነው የማትችለው? ከዚያ የወደቀው ካሜራ ትዝ አላት። ስታንዱ ላይ የነበረው፣ ከደረጃው ላይ ለቅማ በቦርሳ የከተተችው። ሌንሱ ረግፏል፤ ተበላሽቷል ብላ አላየችውም ነበር። ሜሞሪው ግን ደህና ነው። የጉርድ ፎቶ በምታትምበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሰካችው።

ድምፅ የለውም። ሽቶው አየር ላይ እንደ ጤዛ ተንጠልጥሎ ይታያል። ማኑ ሲስቅ ጉንጩ ቀስ እያለ ይነሳል። አንድ እጁ ከመቃኑ ይለቃል። ከኋላው፣ ከበሩ ጥላ ውስጥ፣ ግራጫ እጅጌ ያላቸው ሁለት እጆች ይወጣሉ፤ መዳፎቹ ጀርባው ላይ ያርፋሉ። ጀርባው እንደ ደጋን ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ደጉ ሳቁ ገና ከፊቱ ሳይጠፋ እጁን ይሰዳል፤ ኮሌታውን ይይዛል። ክሩ አንድ በአንድ ይበጠሳል። ቁልፉ ይፈናጠራል። የደጉ ጫማ ወደ ደረጃው ጫፍ ይንሸራተታል፤ ኮቱ ባይቀደድ አብሮት ይሄድ ነበር።

ከዚያ ገፊው ከበሩ አንገቱን ያወጣል። ገብረየሱስ ነው። እጆቹ እንደተዘረጉ ናቸው። ወንድሙን ሊይዝ ወደ ፊት ይንጠራራል፣ አየር ይጨብጣል፣ ቁልቁል ያያል። ፊቱ ይፈርሳል። መዳፎቹን ይመለከታል። ከዚያ የደጉን እጅ፣ ቁራጩን ጨርቅ፣ ይመለከታል። ያኔ ነው አፉ ለጩኸት የሚከፈተው። በዚያ ቀን ይህ ሁሉ ከዐይን እርግብታ ያነሰ ነበር። አሁን ግን ረጅም ነው፤ ሰው ሐሳቡን ሊለውጥ የሚችልበት ያህል ረጅም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጣቢያው ለመሄድ ነጠላዋን ስትለብስ በሩ ተንኳኳ። የገብረየሱስና የማኑ እናት፣ ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ ናቸው። በየወሩ በጽዋ ማኅበር አብረው ይቀመጣሉ።

"ከንፈርሽን ምን ነካው?" አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ።

"ወድቄ ነው፣ እትዬ።"

"ልጄም እጁን ተቆርጦ ሳየው ወድቄ ነው አለኝ።" ወንበሩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "እህል አይቀምስም። ማኑ የተኛበት ክፍል አይገባም፤ ኮሪደሩ ላይ ይቆማል እንጂ። ትናንት ጣቢያ ሄጄ ያንን ልጅ አየሁት። ልረግመው ነበር የሄድኩት። አንድ ዐይኑ ተደፍኗል። 'ኮቱ ተቀደደብኝ፣ እማማ' አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም።"

ኮከቤ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ከንፈሯ ሳበች።

"ምስሉ ሁሉ ተሰበረ ይላል ገብረየሱስ። እውነት ነው?"

አዎ ማለት ይቻል ነበር። የሰበረው እሱ ነው፤ ኃጢአቱም የእሱ። እኚህ ሴት ከአንዱ ልጃቸው አልጋ ተነስተው ወደ ሌላኛው ልጃቸው እስር ቤት መመላለስ እንዳይኖርባቸው፣ አንዲት ቃል ትበቃለች። ኮከቤ በአጥሩ ላይ ወደሚታየው ጉልላት አየች። ጣቢያው ውስጥ አንድ ዐይኑ የተደፈነ ልጅ አለ፤ የእሱም እናት መስተዋት የሌለው ሱቅ ውስጥ ተቀምጣለች። ያንን ጥርት ያለ ፎቶ የመረጠው የኮከቤ ጣት ነው።

"አንዱ ተርፏል" አለች። "ጣቢያ ልወስደው ነበር። እነሱ ይዩት እንጂ እርስዎስ ባያዩት ይሻላል።"

"የወለድኳቸው እኔ ነኝ። ክፈቺው።"

ኮከቤ ከፈተችው። ወይዘሮ ሠርካዲስ መነጽራቸውን አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ማኑ ሲስቅ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ፣ ጉንጩ ላይ አሳረፉ።

"አየሽ አሳሳቁን። አባቱን ነው።"

እጁ ከመቃኑ ለቀቀ። ከጥላው ውስጥ ግራጫዎቹ እጅጌዎች ወጡ። መዳፎቹ ጀርባው ላይ አረፉ። ወይዘሮ ሠርካዲስ ግራጫውን የገብረየሱስን ኮት ለሠርጉ ብለው ራሳቸው ናቸው ያስሰፉት፤ ኮከቤ በጽዋው ቀን ሲያወሩ ሰምታለች። አሁን የእጇን አንጓ ጨምድደው ያዙ።

"እዚህ ላይ አቁሚው።"

"እትዬ..."

"እጅ ነው። ፊት የለውም። ደጉ እንዳልሆነ ለማሳየት ይኼ ይበቃል። እስከዚህ ድረስ ስጫቸው፣ ቀሪውን ተይልኝ፣ ልጄ።" ድምፃቸው ቀጠነ። "አቁሚው እባክሽ።"

የኮከቤ ጣት የማቆሚያው ቁልፍ ላይ ነበር። ጥሩ ቦታ ነው፤ ጥርት ያለ ነው። ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳችና በዚያው እጇ የሴትዮዋን እጅ ያዘች። ቪዲዮው ቀስ እያለ ቀጠለ።