የዶናቶ ዘውድ

ኖታ ላይ የምትጻፍ ጎበጥ ያለች ቅስት ናት፣ ከሥሯ አንዲት ነጥብ፤ ሙዚቀኞች ዘውድ ይሏታል። ዘውድ የተደፋለት ድምፅ ልክ የለውም፤ መሪው እጁን እስኪያወርድ ይቆያል። የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ላይ ስትሆን ተንፍሱ ማለቷ ነው። የኦፔራ ዘፋኝ ያገኛት እንደሆነ ግን ጉድ ፈላ፣ ሰውየው አንዴ አፉን ከከፈተ እራት እስኪደርስ አይዘጋም። ይህን ሁሉ ለኤርሲልያ ያስተማራት አባቷ ዶናቶ ነው።

ዛሬ የከተማው ባንድ መሪ እሷ ናት፣ እሱ ደግሞ ሳንባው የደከመ ሽማግሌ። በከተማው ጠባቂ ቅዱስ የንግሥ ቀን አደባባዩ ላይ የሚነፋው ማርሽ የሚያልቀው በእሱ ጥሩምባ ነው፤ የመጨረሻው ድምፅ ላይ ዘውድ አለ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ጥሩምባ በቃህ ብሎታል። ዶናቶ ግን አንዴ ብቻ፣ ለስንብት፣ ብሎ ሙጭጭ አለ። ኤርሲልያም እጄን ቶሎ አወርዳለሁ ብላ በሆዷ ይዛ እሺ አለችው።

አባት የልጁን ሆድ ያውቃል። መድረክ ከመውጣታቸው በፊት ኮሌታውን ስታስተካክልለት እጇን ያዘ።

«እንዳታሳጥሪብኝ። ሰው ፊት ካዘንሽልኝ አዋረድሽኝ ማለት ነው።»

«ትንፋሽህ ቢያልቅስ አባዬ?»

«ቢያልቅ የራሴ ጉዳይ። አንቺ እጅሽን ከፍ አድርገሽ ያዢ።»

ዕድሜ ልኩን ዶናቶን ሲተርብ የኖረው ሁለተኛው ጥሩምባ ነፊ ካታልዶ አጠገባቸው ነበር፤ ሁሉንም እየሰማ ጥሩምባውን ይወለውላል።

ማርሹ ማለቂያው ላይ ደረሰ። ሌላው ሁሉ ጸጥ ሲል የዶናቶ ድምፅ ብቻዋን ወጣች፣ ያቺው የድሮዋ። ኤርሲልያ እጇን ከፍ አድርጋ ያዘች። የአባቷ ፊት ቀላ፣ ቀጥሎ ነጣ። ወይ ጣጣ! እጇን ብታወርድ ልቡን ልትሰብር፣ ባታወርድ እሱን ልታጣ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

እጇ ሊወርድ ሲል ድምፁ ጠና። ዶናቶ ጥሩምባውን ከከንፈሩ አላራቀም፣ ደረቱ ግን አየር ይስባል። ካታልዶ ነው፤ ጥሩምባውን ወደ መሬት ደፍቶ ያንኑ ድምፅ በቀስታ ይዞለታል። ረጅም ድምፅ ሲመጣ እየተፈራረቁ መተንፈስ የባንድ ልማድ ነው፤ ብቻውን ለሚነፋ ግን ማንም እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ዶናቶ ተንፍሶ ሲመለስ ካታልዶ ለቀቀለት። ደግመው ተቀባበሉ። አደባባዩ ምንም አላወቀ።

በመጨረሻ ዶናቶ ጥሩምባውን ራሱ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ኤርሲልያ ግን እጇን አላወረደችም። ዘውድ ዝምታም ላይ ይጻፋል፤ ይህንንም ያስተማራት እሱ ነው። እጇ አየር ላይ እስካለ ማርሹ አላለቀም፣ አባቷም ገና የባንዱ ጥሩምባ ነፊ ነው። እንባዋ እየወረደ፣ ክንዷ እየዛለ ያዘችለት፤ እሱ ራሱ ቀስ ብሎ «በቃ ልጄ፣ አሁን አውርጂው» እስኪላት ድረስ።