የአባቴ የሂላ ቦታ

የማዘጋጃ ቤቷ ነርስ የሰጠችኝን ቅጽ ሰኞ ተመልሳ ትወስደዋለች። ከጥያቄዎቹ አንዱ አላስቀምጥ አለኝ፦ «ታውኖ ብቻቸውን መኖር ይችላሉ?» አይችልም ካልኩ አባቴን ከተማ ወዳለው የአረጋውያን ቤት ይወስዱታል። ይችላል ካልኩ እኔ ወደ ሜልበርን እመለሳለሁ፣ እሱ ደግሞ አንድ ቀን ምድጃውን ሳያጠፋ ይተኛ ይሆናል። አሥራ አንድ ዓመት ርቄ ኖሬ በሁለት ሳምንት ምን አውቃለሁ?

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ባልዲ አንስቶ «ቪርፒ፣ ቦት ጫማሽን አድርጊ። ሂላ ልንለቅም ነው» አለኝ።

ደነገጥኩ። በኛ መንደር ሰው ያንን ወርቃማ የረግረግ ፍሬ ያካፍላል እንጂ የሚለቅምበትን ቦታ ለማንም አያሳይም። እናቴ እንኳ ያየችው ከተጋቡ በሰባተኛው ዓመት ነው። ቦታውን በቀጥታ ካገኘው አእምሮው ደህና ነው አልኩ በሆዴ።

ከጫካው አፋፍ ላይ ጎረቤታችን ኦይቫ ከፊታችን ብቅ አለ። የራሱን ባልዲ ከጀርባው ደበቀ።

«ታውኖ! በባልዲ ዓሣ ልታጠምድ ነው?»

«አዎ፣ ዓሣ ነው። ሂላውማ ዘንድሮ ምንም የለም። ውርጩ በላው።»

«እኔም አንዲት ፍሬ አላየሁም።»

«ታዲያ ጢምህ ላይ ያለው ምንድነው?»

«የቁርስ እንቁላል ነዋ!» አለና ጢሙን እየጠረገ ሄደ።

አባቴ፣ ኦይቫ እስኪርቅ ጠብቆ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ እንዲህ አሳምሮ የሚዋሽ ሰው አእምሮው ምንም አልሆነም አልኩ።

ከዚያ ወደ ረግረጉ ገባን። ቢምቢው ፊታችን ላይ ሰፈረ። አንድ ዘመም ያለ የደረቀ ጥድ አለፍን። ግማሽ ሰዓት ያህል ሄደን ያው ጥድ ጋ ደረስን። ጥቂት ቆይተን ለሦስተኛ ጊዜ።

«አባዬ፣ እዚሁ ነበርን እኮ።»

«ጥድ ሁሉ ጥድ ነው» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ልጅ ሳለሁ ሰው ሲከተለው እንዲህ እያዞረ ያደክመው እንደነበር አስታወስኩ። እያዞረኝ ነው ወይስ መንገዱ ጠፍቶበት ነው? ፊቱ ምንም አይናገርም። የኛ ሰው ፊት ሲደሰትም ሲጠፋም አንድ ነው።

ጥቁር ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝና «እዚህ ጠብቂኝ» ብሎ ከቁጥቋጦው ጀርባ ተሰወረ። ልከተለው ተነሳሁና ተውኩት። አንድ ሰዓት አለፈ። ልጣራ አፌን ስከፍት በሌላ በኩል መጣ። ባልዲው እስከ አፉ ሞልቷል።

«አገኘኸው!» አልኩት።

እንደ እንግዳ አየኝ። «ዘንድሮ ምንም የለም፣ ወይዘሮ» አለ ረጋ ብሎ። «ውርጩ በላው።»

ሳቁን ጠበቅኩ። አልሳቀም። ቀድሞኝ መራመድ ጀመረ፤ አንድም ጊዜ ሳይሳሳት ቤት አደረሰኝ። እኔ ብቻዬን ብሆን ከረግረጉ አልወጣም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ፍሬውን ሲያጸዳ ቅጹን ከፊቴ ዘረጋሁ። አንገቱን አስግጎ አየ።

«ምን ትጽፊያለሽ?»

«ስለ አንተ።»

«ቦታውን እንዳትጽፊ።»

«የት አውቄው!»

«ጎሽ» አለና አንድ ሰሃን ሂላ ወደ እኔ ገፋ።

ረግረጉ ላይ «ወይዘሮ» ያለኝ እያሾፈብኝ ይሁን፣ እውነቱን ይሁን፣ አሁንም አላውቅም። «ብቻቸውን መኖር ይችላሉ?» ከሚለው ፊት ለፊት ያሉትን ሁለቱንም ሳጥኖች ባዶ ተውኳቸው። ከሥር «ብቻውን አይኖርም፤ እኔ አለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ቦታውን እስኪያሳያት እናቴን ሰባት ዓመት አስጠብቋታል።