ዘጠና ስምንት በመቶ የረካ ሰፈር

አቶ ሠረቀብርሃን መገናኛ ሁለት ክፍል ተከራይተው የማማከር ድርጅት ከከፈቱ ዓመት ሞላቸው። ሊማከር የመጣ ሰው ግን የለም። አንዴ አንዱ በሩን ከፍቶ ገብቶ ነበር፤ ለካ ጎን ያለውን ጥርስ ሐኪም ፈልጎ ነው። በመጨረሻ ራሳቸውን አማከሩና፣ "ስም የሚገኘው በጥናት ነው" አሉ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሰው ምን እንደጎደለው ይጠየቃል፣ ውጤቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ነጋዴው ሁሉ ምክር ፍለጋ ደጃቸው ላይ ይሰለፋል።

ጠያቂዋ ኡርጂ ናት። ዲፕሎማዋን ታቅፋ ሦስት ዓመት ቤት ከተቀመጠች በኋላ የተቀጠረችው በጊዜያዊነት ነው። "ጥናቱ ካማረ ቋሚ ነሽ" ብለዋታል። ባዶ እጇንም አልላኳትም፤ ክብ ማኅተም ያረፈበት የወረዳ ደብዳቤ አስይዘዋታል።

"ይሄን ያየ ሁሉ በሩን ይከፍትልሻል።"

እውነትም ከፈተ። እትዬ ታደለች የሚባሉ ሴት ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝለው አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ ደብዳቤውን አሳየቻቸው።

"ውኃ እንዴት ነው፣ እትዬ?"

እትዬ ታደለች ማኅተሙን አዩት። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩና፣ "በጣም ረክቻለሁ" አሉ።

"ይሄ ጀሪካንስ?"

"ስፖርት ነው።"

"ታክሲስ?"

"ምን ችግር አለው። ሁለት ሰዓት ስንሰለፍ እንተዋወቃለን።"

በሦስት ቀን መቶ በር አንኳኳች። ዘጠና ስምንቱ በጣም ረክተዋል። ሁለቱ ደግሞ እንዲያው በደፈናው ረክተዋል፤ ድፍረት ነው።

ምንም ያልጎደለው ሰፈር ምን ምክር ይሸጥበታል? ኡርጂ ቋሚነቷ ሲያመልጣት ታያት። በአራተኛው ቀን ደብዳቤውን ቤቷ ትታ ሄደች፤ የእትዬ ታደለችን ጀሪካንም ተቀብላ ደረጃውን ወጣች።

"ያ ወረቀትሽስ?"

"ዛሬ አልያዝኩትም።"

"በይ ቁጭ በይ። አምና እንዳንቺ ወረቀት ይዞ ለመጣ ሰው ውኃ የለም አልኩት። እኔን ሦስት ቀን ስብሰባ ጠሩኝ፤ ውኃውን ግን የጠራው የለም።"

ከዚያማ ማን ያስቁማቸው። ጎረቤት ጎረቤቱን እየጠራ ስልሳ ቅጽ ሞላ።

አቶ ሠረቀብርሃን አዲሶቹን ቅጾች አነበቡና ብድግ ብለው በሩን ዘጉ። "እኔ ዳቦ ቤት ጎደለን የሚሉ መስሎኝ! ይሄ ቢወጣ ነገ ቢሮዬ ይታሸጋል።"

ስለዚህ ጋዜጣ ላይ የወጣው የመጀመሪያው ነው፤ የየካ አባዶ ነዋሪ ዘጠና ስምንት በመቶ በጣም ረክቷል። በሳምንቱ ሦስት መሥሪያ ቤቶች ደወሉ። የእኛም ተገልጋይ ልክ እንደዚያው ይጠናልን፣ ነው የሚሉት። ስም ማለት ይሄ ነው።

ያን ቀን ኡርጂን አስጠሯት። ጠረጴዛው ላይ የቋሚነት ውሏና ስልሳዎቹ ቅጾች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

"እነዚህን ቅደጃቸውና ፈርሚ።"

"እትዬ ታደለች ምን ደረሰ ብለው ይጠይቁኛል እኮ።"

"ደብዳቤውን ይዘሽ ሂጂ፤ አይጠይቁሽም።"

ኡርጂ ከላይ ያለውን አነሳች፤ የእትዬ ታደለች ነው። ለሁለት ቀደደችው፣ ከዚያ ለአራት። ሠላሳ ገደማ ስትደርስ ጣቷን አመማትና፣ መቀስ ይኖር እንደሆነ ጠየቀች።